የአራተኛ ክፍል ገበያ

መምህር ወልደማርያም ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯቸው እንቅልፍ የሚነሳቸው የጡረታው ገንዘብ አልነበረም፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆርኪ ነበር።

ማዳበሪያው ከአራተኛ ክፍል ኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ጥግ ተቀምጦ ብዙ ዘመን ኖሯል። ውስጡ ያለው ለስላሳ የጠጣ ሰው ሁሉ የሚጥለው ቆርኪ ነው፤ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ። ለሌላው ሰው ቆሻሻ ነው። ለመምህር ወልደማርያምና በእጃቸው ላለፉት የቡታጅራ ልጆች ግን፣ ሐሙስ ሐሙስ ሂሳብን በገበያ ጨዋታ ሲማሩ፣ ቀዩ በርበሬ ነው፣ ቢጫው በቆሎ፣ ሰማያዊው ደግሞ አይብ። አይብ እንዴት ሰማያዊ ይሆናል ብሎ የጠየቀ ልጅ እስከዛሬ አልተገኘም። ገበያ የገባ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለመጠየቅ ጊዜ የለውም።

ጊዜው ግንቦት 2009 ነው። ርዕሰ መምህሩ ሀብተጊዮርጊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባ የበዛበት ሰው ነበር እንጂ። አንድ ቀን ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጥጉን ሲያይ ሲያይ ቆየና፣ "ጋሽ ወልዴ፣ እርስዎ ሲሄዱ ይኼ ነገር ምን ይሁን?" አለ።

"ሰፍያ ትረከበዋለቻ።" ሰፍያ በሚቀጥለው ዓመት የአራተኛ ክፍልን ሂሳብ የምትይዘው ወጣት አስተማሪ ናት።

"መረከቡን ትረከበው። ግን መረጃ ያስፈልጋል። ልጅማ ቆርኪ ከሰጡት መቼ ጠልቶ ያውቃል? ልባቸው በርግጥ ትምህርቱ ላይ ነው ወይ? ይኼ ከተረጋገጠ እንደ ምርጥ ተሞክሮ ቀምረን ለጉድኝት ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ እናሰፋዋለን። ካልተረጋገጠ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጥጉ ለአንድ ለአምስት ቡድኖች ሰሌዳ ይፈለጋል።"

መምህር ወልደማርያም ሳቅ ብለው አለፉት። ሳቃቸው ግን ከጥርሳቸው አላለፈም። እውነት ልጆቹ ያን ሁሉ ዘመን ልባቸው እዚያ ነበር? ወይስ አስተማሪ ያዘዘው ነው ብለው ነው የጮኹት? ሰው ዕድሜውን ካፈሰሰበት በኋላ፣ ያውም ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣበት ያማል። እሳቸውንም አመማቸው። ጥያ ተወልደው ቡታጅራ ያረጁት ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆርኪውን ባዩ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ራሳቸውን ይጠይቁ ጀመር።

መሕቡባ ስትደውል ታዲያ እግዜር የላካት መሰላቸው።

መሕቡባ፣ የበርበሬ ነጋዴው የከድሮ ልጅ፣ የድሮ ተማሪያቸው ናት። ዛሬ ወልቂጤ ታስተምራለች፤ እዚያው ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ለመመረቂያ ጥናቷ በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርት የልጆችን ልብ ምን ያህል እንደሚይዝ ልትለካ ነው። "የት ልሂድ ብዬ ሳስብ የእኛ የሐሙሱ ገበያ ትዝ አለኝ ጋሼ። አሁንም አለ?" አለች በስልኩ ውስጥ። የዛሬዎቹ ልጆች ቲቸር ይሏቸዋል። ጋሼ የሚላቸው የድሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ ቃሉን በሰሙ ቁጥር ደስ ይላቸዋል።

በማግስቱ መጣች። ባጅ በአንገቷ አንጠልጥላ፣ ክላሰር በብብቷ ይዛ፣ እንደ ልጅነቷ ትከሻቸውን ሳመች። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ገቡ። ሻይ ቤቷ በነጋዴ ተሞልታ ነበር። በዚያ ሰሞን የከተማው ወሬ አንድ ብቻ ነው፤ የቀን ገቢ ግምት። የግብር ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ በቀን ምን ያህል ትሸጣላችሁ ይላሉ፤ ነጋዴው ገና ከደጅ ሲያያቸው ፊቱ ይጠቁራል። እነ መሕቡባ ከጫጫታው ሸሽተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

"እስቲ ንገሪኝ፤ ምኑን ነው የምትለኪው?"

"ተመስጦን ጋሼ። ሰው የሚሠራው ነገር ውስጥ ገብቶ ሰዓቱ ሲጠፋበት፣ ራሱንም ሲረሳ ማለት ነው። ሥራው በጣም ከከበደው ይጨነቃል፤ በጣም ከቀለለው ይሰለቻል። መሀል ላይ ልክ ሲሆንለት ግን..."

"ጭልጥ ይላል።"

"አዎ፣ ጭልጥ!" ብላ ሳቀች። "እንዲህ ብለው ቢያስተምሩኝ ኖሮ ስንት ወር አተርፍ ነበር።"

"እና ይኼ ይለካል?"

"ይለካል። በጨዋታው መሀል ደወል አንቃጭልና እየዞርኩ እጠይቃቸዋለሁ። ልብህ እዚህ ነው? ሰዓቱ እየሮጠ ነው? ቀጥል ቢሉህ ትቀጥላለህ? ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጡኛል። አንድ ምንም ማለት ነው፤ አምስት በጣም።"

ወልደማርያም ሻያቸውን አማሰሉ። አንቺስ፣ ያኔ? ብለው ሊጠይቋት ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አልደፈሩም። ትንሽ እንኳ ብታመነታ፣ ለወጉ ያህል ብላ አምስት ብትል፣ ይታወቅባታል፤ ልጅ ሆና ፊቷን ሲያነቡት የኖሩ ሰው ናቸውና። ስለዚህ ሌላ ስኳር ጨመሩ።

እንዲያው ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ 1988 ሮጠ።

ያኔ መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ ነበር፤ እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ። መስቃን ውስጥ በርበሬ ሲደርስ ክፍሉ ይሳሳል፤ የገበያ ቀን ደግሞ ጭራሽ ወና ይሆናል። ግማሹ ልጅ በርበሬ ይለቅማል፣ ግማሹ አባቱን ተከትሎ ሚዛን ይጠብቃል። ወልደማርያም ያኔ ቁጡ ነበሩ። ወላጅ ጠሩ፣ ተቆጡ፣ አስፈረሙ። ወላጆቹም እሺ ይላሉ፣ ይመርቃሉ፣ በሚቀጥለው ገበያ ልጆቹ የሉም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ተናደውም ተስፋ ቆርጠውም፣ ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ አስገፏቸውና፣ "እናንተ ወደ ትምህርት ካልመጣችሁ ገበያው ወደናንተ ይምጣ!" አሉ። ቆርኪ ልቅሙ ተባለ። ከተማውን ዞረው ሰብስበው መጡ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን በሲባጎ ታስሮ ሚዛን ሆነ፤ ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ተቆራርጦ ብር ሆነ። ደላላም ተሾመ። ደላላ ካሻሻጠው ከአሥር አንዱን ያነሳል፤ ስሌቱን የሳተ ግን ከገበያው ይባረራል። ሕጉ ይኸው ነው፣ እስከዛሬም አልተሻሻለም።

መሕቡባ ያኔ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። ስም ሲጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ አቤት አትልም። አማርኛው እንደ ብዙዎቹ የክፍሉ ልጆች ከቤቷ ይዛው የመጣችው አልነበረም፤ እንዳትሳሳትበትና እንዳይሳቅባት ዝምታን መርጣለች። የበርበሬ ተራ ላይ አስቀመጧት፤ የአባቷ ሥራ በርበሬ ነዋ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ደላላ የሦስት ሩብ ኪሎ ዋጋ ሲያሰላ ሊያምታታት ሞከረ። ልጅቱ ብድግ አለች። ጣቷን ዓይኑ ላይ ደቀነችና ኪሎውን ከአራት ከፍላ፣ ሦስቱን ደምራ፣ የእሱን ድርሻ ቀንሳ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በቤቷ ቋንቋ አወረደችበት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሳቁን አልሰማችውም። ሌላ ገዢ መጥቶባታል።

ያን ዕለት ደወል ተደወለ፤ የሚሰማ ጠፋ። ሌሎች ክፍሎች ወጥተው ግቢው ጭር አለ። በመጨረሻ በመስኮቱ በኩል ኮፍያውን ወደ ግንባሩ የሳበ ሰው ብቅ አለ። ከድሮ ነው፣ የመሕቡባ አባት። ልጄ የት ቀረች ብሎ ተቆጥቶ፣ አርጩሜ ይዞ ነው የመጣው። ከድሮን ቡታጅራ ሁሉ ያውቀዋል። ገበያ እንዴት ዋለ ብትለው ጭነት መኪናው እየተሞላም ቢሆን ግራ ቀኙን አይቶ፣ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ስቦ፣ "ኧረ ተወኝ፣ ገበያው ቀዝቃዛ ነው" የሚል ሰው ነው። አላህ ለጎረቤት የገለጠውን ሀብት እንኳ በልሳኑ አያምንም። ወልደማርያም ሲያዩት ደነገጡ። ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ከድሮ ግን እሳቸውን አላያቸውም። አንገቱን በብረቱ መሀል ሊያሾልክ ምንም አልቀረው፤ ሲያይ ቆየ፣ ቆየና፣

"አንቺ ልጅ! ሚዛኑን ልብ በይ! ይኼ ልጅ በአውራ ጣቱ እየተጫነው ነው!" ብሎ ጮኸ።

አርጩሜውን እዚያው ረስቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ልጆች ከክፍል ቀሩ ተብሎ አያውቅም። ከድሮ ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ወልደማርያም ለቅሶ ደርሰው፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ይህንኑ ሲያስታውሱ በእንባቸው መሀል ሳቅ አምልጧቸው በጣም አፍረዋል።

እንግዲህ የሚለካው ይህ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ዴስኮቹ ተገፉ፣ ማዳበሪያው ተፈታ፣ ሚዛኑ ከመስኮቱ ብረት ላይ ተሰቀለ። የበርበሬውን ተራ የያዘችው ዘይባ ናት፤ የቅመም ነጋዴ ልጅ፣ ምላሷ እንደምትሸጠው ነገር የሚያቃጥል። ዋናው ደላላ ሙከሚል ነው፤ እሱ ደግሞ ጫማውን ሳይሸጥ ወደ ቤቱ የሚገባው ስለማይፈቀድለት ብቻ ነው የሚባልለት ልጅ።

ገበያው ከመከፈቱ በፊት መሕቡባ ፊት ለፊት ቆመች። ባጇ ደረቷ ላይ፣ ክላሰሯ ክንዷ ላይ ነው።

"ልጆች፣ ጥቂት ነገር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። አትፍሩ። የምትነግሩኝ ነገር በእናንተ ላይ ምንም ጉዳት አያመጣም። እውነቱን ብቻ ንገሩኝ። መልሳችሁን ሰብስቤ ወልቂጤ ወስጄ አሰላዋለሁ።"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሙከሚል ዘይባን አየ፤ ዘይባ ሙከሚልን አየች። መምህር ወልደማርያም ዝምታውን ከጨዋነት ቆጠሩት፤ ልጆቼ እንግዳ ያከብራሉ ብለውም ኮሩ።

ገበያው ተከፈተ። ወዲያው እንደ ወትሮው ጦፈ። ዘይባ "የማረቆ ነው! ሸትተህ ግዛ!" እያለች ትጮሃለች፤ ሙከሚል ሁለት ሰው እጅ ለእጅ አያይዞ ዋጋ ይቆርጣል፤ አንዲት ልጅ ሂሳብ ተሳስታ ተባርራ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ስሌቷን እየደገመች ነው፣ ተመልሳ ለመግባት። መምህር ወልደማርያም በደስታ እጃቸውን አፋተጉ።

መሕቡባ ደወሏን አንቃጨለች።

ገበያው ቀጥ አለ። ወደ ዘይባ ሄደች። ወልደማርያም ከሩቅ ሲያዩ ልጅቷ ቀዩን ቆርኪ ግማሹን በሻርፗ ሸፈነችው። ምን ሆነች? አሉ በልባቸው።

"ጨዋታው እንዴት ይዞሻል?"

"ኧረ ምንም አይልም፣ አልሐምዱሊላህ" አለች ዘይባ፣ አንገቷን ሰብራ።

"ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ስጪው።"

"አንድ።"

"ሰዓቱስ? ይሮጥልሻል?"

"የት ይሮጣል! አልመሽ ብሎን ነው የተቀመጥነው።"

መሕቡባ ጻፈች። ወደ ሙከሚል ዞረች። ሙከሚል እጁን ኪሱ ከትቶ ጣራ ጣራ ያያል፤ ከአፍታ በፊት ሁለት ሰው ያሻሻጠ አይመስልም። "እኔ ዝም ብዬ ነው የቆምኩት" አላት። "አንድ በይው። ከአንድ በታች ከሌለ።"

እንዲሁ እየዞረች ጠየቀች። ደወሉ በተንቃጨለ ቁጥር ገበያው ይሞታል፤ እሷ ዞር ስትል ደግሞ ይነሳል። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ወልደማርያም አስተዋሉ፤ ግን ድካም ይሆናል ብለው ራሳቸውን አታለሉ።

እውነቱን የነገረቻቸው መናኸሪያው ዳር፣ የወልቂጤው መኪና እስኪሞላ ሲጠብቁ ነው።

"ጋሼ፣ ልደብቅዎት አልችልም" አለች፣ ክላሰሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ። "ሁሉም አንድና ሁለት ነው ያሉኝ።"

"ሦስት ያለ የለም?"

"አንድ ልጅ ሦስት ብሎ ነበር። አጠገቡ ያለችው እግሩን ረገጠችውና ወደ ሁለት ዝቅ አደረገው።"

"ገባኝ" አሉ። ምንም አልገባቸውም ነበር። "እውነቱ መታወቁ ጥሩ ነው። ሀብተጊዮርጊስም መረጃ ነበር የፈለገው።"

"አንድ ቀን ብቻ ነው እኮ ጋሼ፤ እንደገና..."

"ተይው ልጄ። ልጆች አይዋሹም። ግቢ፣ መኪናው ሞልቷል።"

መኪናው ሲሄድ እጃቸውን አውለበለቡ። ከዚያ በጋሪና በባጃጅ መሀል በእግራቸው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። አፍረዋል፤ በዚህ ዕድሜያቸው እንደ ልጅ አፍረዋል። ቆርኪ ሰብስቦ ልጅ ሲያሰለች የኖረ ሽማግሌ! ከሁሉ የባሰባቸው ግን ወደ ኋላ ሲያስቡ ነው። እነዚያ ሐሙሶች ሁሉ አንድ በአንድ እየመጡ ፊታቸው ላይ ደበዘዙ። የሳቁት ልጆች ለእሳቸው ሲሉ የሳቁ መሰላቸው። መሕቡባ ራሷ ለማርክ የተነሳች መሰላቸው። ትዝታም ይበላሻል ለካ፤ እንዳልተከደነ ወተት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹ ከሰዓት ሲገቡ ዴስኮቹ በቦታቸው ነበሩ። ማዳበሪያው አፉ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ዘበኛው ሊወስደው። መምህር ወልደማርያም ጠመኔ አንስተው የክፍልፋይ መልመጃ ጻፉና፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ገበያ የለም" አሉ።

እሺ፣ እሰይ ይበሉ ብለው ጠበቁ። ቢሉ ይሻላቸው ነበር፤ ቁርጡ ይታወቅ ነበር። ይልቁንም ከኋላ አንድ ልጅ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። ዞር አሉ። ሙከሚል፣ ያ አይነኬ ደላላ፣ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ዘይባ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ብዙ ነው እንዴ የጣሉብን?"

"ምኑን?"

"ግብሩን።"

"የምን ግብር?"

ዘይባ በሩን አየች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ገማቿ የጣለችብንን። ዝቅ አድርገን ነው እኮ የነገርናት! ሁላችንም አንድና ሁለት ነው ያልነው። ያ ብቻ ነው" ብላ ወደ አንዱ ልጅ በጣቷ አመለከተች፣ "ሦስት ብሎ ሊያስፈጀን የነበረው።"

"ረገጥሽኝ አይደል?" አለ ልጁ።

መምህር ወልደማርያም ጠመኔው ከእጃቸው ወደቀ። "ገማች ናት ብሎ ማን ነገራችሁ?"

"ማንም አልነገረን። ባጅ አላት፣ ክላሰር ይዛለች፣ ገበያ መሀል መጥታ ቁጥር ትጠይቃለች። ደግሞ 'ምንም ጉዳት አያመጣም፣ እውነቱን ብቻ ንገሩኝ' አለች። አባቴ ሱቅ የመጡትም ልክ እንደዚያ ነው ያሉት። አባቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ቅመሙንም በርበሬውንም ደብቂ ብሎኛል።"

"በርበሬ..." አሉ መምህር። "ልጄ፣ የአንቺ በርበሬ ቆርኪ ነው እኮ።"

ዘይባ ግራ ገብቷት አየቻቸው። የምን ቆርኪ እንደሚሉ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ከጆሮዋ እስከ አንገቷ ቀላች፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ክፍሉም ቀስ በቀስ ገባውና ሳቅ ከፊት ዴስክ ተነስቶ እስከ ኋላ ደረሰ።

ወልደማርያም ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ልጆቹ ፊታቸውን እንዳያዩት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ በሳቅ ይሁን በሌላ ነገር እሳቸውም አልለዩትም።

"ታዲያ" አሉ ድምጻቸው ሲመለስ፣ "እውነተኛው ስንት ነበር?"

ዘይባ ሙከሚልን አየች። ሙከሚል ራሱን ነቀነቀላት።

"ለእርስዎ ብቻ ነው ግን" አለች። "አምስት። ከአምስት በላይ ካለ እሱን።"

ዘበኛው ማዳበሪያውን ሊወስድ ሲመጣ ባዶ ሆኖ አገኘው። ቆርኪው ገበያ ወጥቶ ነበር።

በስልክ ሲነግሯት መሕቡባ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ረዘመ፤ መጨረሻው ላይ ሌላ ነገር ተቀላቀለበት። "አባቴ ቢሰማ!" አለች። "አማካሪዬ ግን ምን ይለኛል? አንድ ያለ ሁሉ አምስት ነው ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?"

"እንደሆነው ጻፊው" አሏት። "ሐሙስ ደግሞ ነይ። ያንን ባጅ ብቻ እዚያው ተዪልኝ።"

መጣች፤ ያለ ባጅ፣ ያለ ክላሰር፣ ነጭ ሻሽ አድርጋ። ዘይባ እንዳየቻት በእፍረት ሚዛኑ ኋላ ተሸሸገች፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ግን። ገዢ መጣባት። ሀብተጊዮርጊስም ወሬው ደርሶት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እና ውጤቱ ምን ሆነ?" አለ።

"ገማች መስያቸው ዕቃቸውን ደበቁብኝ" አለች መሕቡባ።

ሀብተጊዮርጊስ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ በዚያው ሳምንት ገማቾች የሚስቱ ሱቅ ሲመጡ የሆነው ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ አፉን መልሶ ገጠመ። "እኔ ይኼን ሪፖርት ላይ በምን ዓምድ አገባዋለሁ?" አለ። ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ። "ግዴለም፣ ሰፍያ ትረከበው። ለአንድ ለአምስቱ ሌላ ግድግዳ እንፈልጋለን" ብሎ ወደ ስብሰባው ሄደ።

መምህር ወልደማርያምና መሕቡባ መስኮቱ አጠገብ ቀሩ፤ ያኔ ከድሮ አንገቱን ሊያሾልክ በሞከረበት ብረት አጠገብ። ውጭ ደመናው ከብዷል፤ ውስጥ በርበሬ እየረከሰ ነው፣ ሙከሚል እየማለ ነው። መሕቡባ ዓይኗን ከዘይባ ላይ አላነሳችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሦስት ሩቡን አብራ እያሰላች ነው። አንዴ እንዲያውም እጇን ዘርግታ ሚዛኑን ልታስተካክል ነበር፤ ራሷን ያዘች።

ወልደማርያም እሷን እንጂ ልጆቹን አላዩም። ልባቸው ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ እንደፈራው ፈራ፤ ቢሆንም ሐሙስ አልቆባቸዋል፣ ሌላ ጊዜ የለም።

"አንቺስ?" አሉ ቀስ ብለው። "ያኔ፣ እዚያ በርበሬ ተራ። ከአንድ እስከ አምስት?"

መሕቡባ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ግራ ቀኟን ቃኘች፣ የሻሿንም ጫፍ አባቷ ኮፍያውን እንደሚስበው ወደ ግንባሯ ሳበችው።

"ኧረ ይተዉኝ ጋሼ" አለች፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ። "ገበያው ቀዝቃዛ ነበር።"